«30 እጥፍ» የተባለው ታጣፊ ማጉያ ለቅጠል ጠቅላይ የእሳት ራት ይበቃል?

ጅማ መርካቶ ውስጥ የሚሸጠው ታጣፊ የወርቅ ሠሪ ማጉያ ጎኑ ላይ «30×21 ሚሜ» ተጽፎበታል። 21ዱ የመስታወቱ ስፋት ነው። 30ውን ግን ከመክፈልዎ በፊት በማስመሪያ ይፈትኑት፦ ጽሑፍ ጥርት የሚለው መስታወቱ ከወረቀቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲርቅ ከሆነ፣ ጉልበቱ 10 እጥፍ ነው። እውነተኛ 30 እጥፍ ከ8 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ደግነቱ ለዚህ ሥራ 10 ይሻላል፤ ብርሃን ይገባል፣ ቅጠሉም ከመስታወቱ ጋር አይጋጭም። ለ«30» ተብሎ ግን ጭማሪ አይከፈልም።

የተጠቀለለ የቡና ቅጠል ሲፈቱ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ያንጥፉ። ትሉ ሲነካ ወደ ኋላ ይወራጫል፣ ወይም በሐር ክር ተንጠልጥሎ ይወርዳል። በማጉያው የጭንቅላቱ ቀለምና ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ያለው ጠንካራ ጋሻ በደንብ ይታያሉ። ባለ ባትሪው ዓይነት እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ መብራቱ የሚያብረቀርቀው ጭንቅላት ላይ አርፎ ቀለሙን ያጠፋዋል። የመስኮት ብርሃን ይበልጣል።

ትሉን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ የምንፈልገው ቅጠል ጠቅላይ ቶርትሪሲዴ ከተባለው የእሳት ራት ቤተሰብ ነው፣ ክራምቢዴ የተባለው ሌላ ቤተሰብ ትሎችም ግን ቅጠል ይጠቀልላሉ። ስለዚህ ያሳድጉት፦ በአንድ ብርጭቆ አንድ ትል፣ ከታች ሶፍት፣ ከላይ ስስ ጨርቅ፣ በየሁለት ቀኑ ትኩስ ቅጠል። በጅማ ክረምት ክዳን ከገጠሙበት ላብ ይቋጥርና ይሻግታል። ሙሽሬ (ትሉ ወደ ራት የሚለወጥበት ደረጃ) ሲሆን ጥቅሉን አይፍቱት። የቶርትሪሲዴ ራት ስትወጣ የሙሽሬውን ቅርፊት ግማሹን ከጥቅሉ ውጭ ጎትታ ትተወዋለች፤ ይህ ያለ ማጉያም ይታያል። በራቷ ፋንታ ትንሽ ተርብ ከወጣች አይጣሏት፤ ትሉን ከውስጥ በልታ ያደገች ናት፣ መድኃኒት ለመርጨት ላለመቸኮልም ጥሩ ምክንያት ናት።

ራቷ ከወጣች ክንፏ እስኪጠነክር አንድ ቀን ይታገሡ፣ ከዚያ ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሯት። ስታርፍ የደወል ቅርጽ መያዟ ፍንጭ ነው። ማረጋገጫው የምላሷ ሥር ነው፦ በክራምቢዴ ራቶች ጥቃቅን ቅርፊት ለብሷል፣ በቶርትሪሲዴ ራቁቱን ነው። ማጉያው የሚፈተነው እዚህ ነው። መሃሉ ያሳያል፣ ዳሩ ግን ይደበዝዛል፤ ጭንቅላቷን ከመሃል ካላዋሉ ምንም አይለይም።

ዝርያውን ከዚህ ማጉያ አይጠብቁ። የክንፍ ቀለም በአንድ ዝርያ ውስጥም ስለሚለያይ፣ የብልት አካሏ ተፈትቶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ናሙናውን ለባለሙያ ሲሰጡ ተክሉን፣ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈው ያያይዙ፤ የእስክርቢቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።