የጊዛ ፈረስና ግመል፦ ከመውጣታችሁ በፊት ኮርቻውን አስነሱ

ካይሮ የሄደ ሰው ፒራሚድ ሳያይ አይመለስም። ፒራሚዱ አካባቢ ደግሞ ፈረስና ግመል ይዞ የሚጠብቃችሁ ሰው አይጠፋም። ስለ ፒራሚዱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምጽፈው ስለ ግልቢያው ነው። ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቼዋለሁ። ግቢው ውስጥ ለሚሠራው የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ደግሞ አራት። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራው ቢሾፍቱ ነው። ውሎዬ ከጋሪ ፈረስና ከጭነት አህያ ጋር ነው። ገጣባ አጥባለሁ፣ ሰኮና እሞርዳለሁ፣ ስለ መኖና ስለ እረፍት ከባለጋሪ ጋር እከራከራለሁ። ፈረስ ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ጫንቃውና አፉ ላይ ነው። በእንስሳ የሚተዳደርን ሰው ለመኮነን አልተነሳሁም። እኛም ሀገር ፈረስና አህያ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዎቹ እኛ ነን። በእንስሳ መሥራት ነውር የለውም። የታመመ እንስሳ ማሠራት ግን ነውር ነው። ውጭ ሀገር ስንሄድ ደግሞ የዚያን ሥራ ሂሳብ የምንከፍለው እኛው እንግዶቹ ነን።

የሄድነው ከእህቴና ከልጇ ጋር ነው። ልጅቷ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ወሬዋ ሁሉ ግመል ነበር። ካይሮ የሚኖር አንድ የሰፈራችን ልጅ አረብኛውን ያስተረጉምልን ነበር። እሱ ባይኖር ኖሮ ከዚህ ግማሹን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። በ2025 እ.ኤ.አ. የጊዛ ግቢ አሠራር ተለውጧል (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አሁን ቱሪስት የሚገባው በፋዩም መንገድ በኩል ባለው አዲስ በር ነው። ከዚያ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ከፒራሚድ ወደ ፒራሚድ ያመላልሳል። ፈረስና ግመል ደግሞ ለብቻ በተከለለ ቦታ እንዲሆኑ ተወስኗል። ባለፈረሶቹና ባለግመሎቹ እንጀራችንን ልትነጥቁን ነው ብለው ተቃውመው ነበር። አልፈርድባቸውም። ስፊንክስ ከሚባለው ሐውልት ግርጌ ባለው ነዝለት ኤል ሰማን በሚባል መንደር ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣው ሥራ ይኸው ነው። ግልቢያውም አልቀረም። ከመንደሩ ጋጣዎች ተነስታችሁ በረሃውን ትዞራላችሁ፤ ፒራሚዶቹን ከሩቅ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። እኛም የሄድነው ወደዚያ ነው።

ወሩ ሰኔ ነው፤ ሰዓቱም ከቀትር በኋላ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። መጀመሪያ የገባንበት ጋጣ ስሙን አልጠራም። አንድ ዳማ ፈረስ አወጡልኝ። ግንባሩ ላይ ሰማያዊ ዶቃ፣ ኮርቻው ላይ ቀይ ዘርፍ። ለፎቶ ያማረ ነው። ጎድኑ ግን ከሩቅ ይቆጠራል። የፊት ግራ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ነው የቆመው። ይህችን ነገር ልብ በሏት። ፈረስ አንድ የኋላ እግሩን ዘና አድርጎ ቢቆም እያረፈ ነው፤ ጤና ነው። የፊት እግሩን ወደፊት ሰዶ ክብደቱን ካሸሸ ግን እግሩን እያመመው ነው። የአፉን ጥግ አየሁት፤ ልጓሙ ሰንጥቆት፣ ቁስሉ ደርቆ ጠቁሯል።

«ኮርቻውን አንሳልኝ» አልኩት የጋጣውን ልጅ። «ኖ ፕሮብለም፣ ኖ ፕሮብለም» እያለ ወደ ኮርቻው ይገፋኛል። የሰፈራችን ልጅ በአረብኛ አግባባውና ጠፍሩን ፈታ። ከሥሩ የታጠፈ ስፖንጅ ነበር። ስፖንጁ ሲነሳ ቆዳም አብሮ ተነሳ። የእጅ መዳፍ የሚያህል ገጣባ፣ እርጥብ፣ ጠርዙ ያበጠ። ፈረሱ ሲነካ ጀርባውን ወደ ታች አጎበጠው። አንገቱ ላይ ቆዳውን ቆንጥሬ ለቀቅኩት። በቂ ውኃ የጠጣ ፈረስ ቆዳው ወዲያው ይመለሳል። የዚህኛው ጊዜ ወሰደ። ገንዳውን ፈልጌ አየሁት። ውስጡ ያለው ጭድና አቧራ ነው።

ያን ፈረስ በዚያ ቀን ስንት ሰው ጋልቦት ይሆን? ሁሉም ፈገግ ብሎ ፎቶ ተነስቶ ወርዷል። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። ኮርቻ የተሠራው ጀርባ ላይ እንዲቀመጥ ነው፤ ቁስሉም እዚያው ሥሩ ነው። ካላስነሱት አይታይም።

እዚያው ጋጣ የነበረው ግመል ከፈረሱ በብዙ ይሻል ነበር። ሻኛው ቀጥ ያለ ነው፣ ዓይኑ ንጹሕ ነው። ግመል የሚበላው ሲያጣ ሻኛው እየላላ ወደ ጎን ይዘነበላል፤ የዚህኛው እንደዚያ አይደለም። ነገር ግን ለመንበርከክ ትንሽ ሲዘገይ የጋጣው ልጅ አንገቱን በዱላ መታው። ደግሞም መታው። ግመሉ ጮኸ። ግመል ሲነሳና ሲንበረከክ መጮሁ ብቻውን የሕመም ምልክት አይደለም፤ ጤነኛውም ያጉረመርማል። ዱላው ግን ለምን? ልጅቷ እጄን ይዛ «አጎቴ፣ ምን አጥፍቶ ነው የሚመታው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ግመሉ ላይ ውጪ ብንላትም እሺ አላለችም።

ከነዚህ ግመሎች ብዙዎቹ ረጅም መንገድ የመጡ ናቸው። ከሱዳን ተነስተው በጥንቱ የአርባ ቀን መንገድ በረሃውን ያቋርጡና አስዋን አጠገብ ዳራው ይደርሳሉ። ከዚያ በመኪና ተጭነው ካይሮ አጠገብ ወዳለው የቢርቃሽ ገበያ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ለሥጋ ይሸጣሉ፤ አንዳንዱ ለሥራ። በዚያ ገበያ ግመል በዱላ ሲቀጠቀጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ዓለም ተነጋግሮበታል። ስለዚህ ፒራሚድ አጠገብ ተሸልሞ የምታዩት ግመል ድካሙ የጀመረው እናንተ ከመድረሳችሁ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

ጭቅጭቁን ሰምተው የጋጣው ባለቤት መጡ። ሽማግሌ ናቸው። የሰፈራችን ልጅ «ዐሚ» (አጎቴ) እያለ በአክብሮት አነጋገራቸው፤ ምን እንደምሠራም ነገራቸው። አልተቆጡም። ወንበር አስመጥተው ሻይ አቀረቡልን። የተናገሩትን እስካሁን አስበዋለሁ። «ቱሪስቱ ዋጋ ቀንስ ይለኛል፤ እቀንሳለሁ። የምቀንሰው ግን ከበርሲሙ ነው» አሉ። በርሲም እዚያ ለከብት የሚሰጠው ለምለም መኖ ነው። ቀጥለውም፣ ሁለት ሰው ባንድ ፈረስ ካልወጣን የሚል አለ፣ አስፋልቱ ላይ አስጋልበኝ ብሎ ጉርሻ የሚጨምር አለ፣ እምቢ ስለው ጎረቤቴ ጋ ይሄዳል አሉ። ከ2011ዱ የግብፅ አብዮት በኋላ ቱሪስት ሲጠፋ ጊዛ ውስጥ ብዙ ፈረስ በረሃብ አልቋል። ያን ጊዜ የራሳቸው ፈረሶችም ከሞቱት መካከል እንደነበሩ ነገሩን።

እኒህን ሰው ክፉ ናቸው ልላችሁ አልችልም። ፈረሱ ግን ቁስለኛ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ገጣባው ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ እንዴት እንደሚታጠብ አሳየሁ፤ እስኪድን ኮርቻ እንዳይጫንበት ለመንኳቸው። እሺ አሉ። ገንዘብ ግን ለግልቢያ አልከፈልኩም። የሻዩንም አልቀበልም አሉ።

ካይሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ፈረስ አይታ ዝም ብላ ያላለፈች ሴት ነበረች። ዶሮቲ ብሩክ ትባላለች፤ እንግሊዛዊት ናት። በ1930 ካይሮ ስትመጣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያገለገሉ የፈረንጅ ጦር ፈረሶች አርጅተውና ቆስለው ጋሪ ሲጎትቱ አገኘች። ለሀገሯ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሰው ገንዘብ ላከላት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 5,000 የሚያህሉ ፈረሶችን ገዛች። ብዙዎቹ የማይድኑ ስለነበሩ ያለ ሕመም እንዲሞቱ ተደረገ። በ1934 ካይሮ ውስጥ የፈረስ ሆስፒታል ከፈተች። ዛሬ ብሩክ በሚል ስም የሚጠራው ድርጅት ከዚያ የመጣ ነው፤ እኛም ሀገር ይሠራል። እኔን የገረመኝ ፈረሶቹን መግዛቷ ብቻ አይደለም። ሆስፒታሉ ባለቤቱን አያባርርም። ባለጋሪው እንስሳውን ይዞ ይመጣል፣ ያለ ክፍያ ይታከምለታል፣ አያያዝም ይማራል። እኛም ቢሾፍቱ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ የሚሠራውም ይኸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሌላ ጋጣ ሄድን። ሁለት ኮከብ ያስገኘው ይኼኛው ነው። ጣሪያ አለው። ገንዳው ሙሉ ነው፣ ፈረሶቹም ተራ ሳይጠብቁ ይጠጣሉ። ኮርቻውን አንሱልኝ ስል ማንም አልተከራከረኝም፤ ጀርባቸው ንጹሕ ነው። አንድ ያነክስ የነበረ ፈረስ ጥግ ላይ ታስሮ አየሁ። ዛሬ አይሠራም አሉን። ዋጋቸው ከመጀመሪያው ጋጣ ከፍ ይላል፤ አልተከራከርኩም። ልጅቷ ረጋ ባለች ባዝራ ላይ ወጥታ፣ የጋጣው ልጅ ልጓሙን በእጁ ይዞ እየመራላት፣ በእርምጃ ብቻ ዞረች። የዚህንም ጋጣ ስም አልጽፍም። የፈረስ ይዞታ በአንድ ወር ውስጥ ይለወጣል። ስም ብሰጣችሁ ስሙን አምናችሁ ኮርቻውን ሳታስነሱ ትወጣላችሁ።

ስለ ክብደት ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሳንቶሪኒ በሚባለው የግሪክ ደሴት አህዮች ቱሪስት ተሸክመው ደረጃ ይወጣሉ። በ2018 የግሪክ መንግሥት ከ100 ኪሎ በላይ ወይም የእንስሳውን አንድ አምስተኛ ክብደት የሚያልፍ ጭነት እንዳይጫን መመሪያ አወጣ። አንድ አምስተኛው ጥሩ ልክ ነው፤ ለጊዛም ይሠራል። 350 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ ከ70 ኪሎ በላይ ባይሸከም ይመረጣል። ብዙዎቻችን ጎልማሶች ብቻችንን እንኳ ከዚህ እንበልጣለን። ባንድ ፈረስ ለሁለት መውጣትማ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም። ወፈር ያላችሁ ከሆናችሁ ትልቁን ፈረስ ጠይቁ። ከሌለ በእግር ሂዱ፤ በረሃው በእግርም ያምራል።

አሁን ወደ አውቶቡሱ። አራት የሰጠሁት ስለሚሠራ ነው። ድምፅ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ እህቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ሳትቸገር ሦስቱንም ፒራሚድ አይታለች። ዮርዳኖስ ውስጥ ጥንታዊቷ ከተማ ፔትራም በ2021 የፈረስ ጋሪውን በኤሌክትሪክ መኪና ተክታለች፤ ጥሩ አደረጉ። አንድ ኮከብ የቀነስኩት ማቆሚያዎቹ ላይ ጥላ ስላነሰ ነው። ሰው ሲበዛ በዚያ ፀሐይ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ሌላው ቅር ያለኝ፣ ሥራቸው የቀነሰባቸው ባለፈረሶች ናቸው። ገቢው ሲደርቅ መጀመሪያ የሚራበው ፈረሱ ነው፤ 2011 ያሳየው ይህንን ነው።

መጋለብ የምትፈልጉ ጠዋት በማለዳ ሂዱ። ዋጋውን ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱ፣ መውረጃውንም ጨምራችሁ፤ ላይ ካወጧችሁ በኋላ ለመውረድ ሌላ ሂሳብ የሚጠይቁ አሉ። ከፈረሱ ፊት ለፊት ቁሙና አፉን፣ እግሩን፣ ጎድኑን እዩ። ከዚያ ኮርቻው ይነሳ በሉ። ካልተስማማችሁ «ኤል ሆሳን ታዕባን» በሉ፣ ፈረሱ ታሟል ማለት ነው። ማንም ይገባዋል። ጤነኛ ፈረስ ካገኛችሁ ደግሞ የተጠየቃችሁትን ክፈሉ፣ ለምን እንደመረጣችሁትም ለባለቤቱ ንገሩት።