አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ ደብረ ሲና ላይ አንድ ልጅ አለላችሁ

ይህን የምጽፈው ለምስጋና ነው፤ ሼር አድርጉልኝ። በተለይ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን የምትመላለሱ፣ ከነሱም ውስጥ ዲኤክስ፣ ቮልስ ወይም ሌላ ባለ ፑንቲና (ሞተሩ እሳት እንዲያገኝ ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋ እቃ) አሮጌ መኪና የያዛችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የኔዋ ዲኤክስ ናት። የድሮዋ ኮሮላ፣ ታውቋታላችሁ። በመምህራን እቁብ ነው የገዛኋት። ያየኝ ሁሉ «ሽጣት» ይለኛል። አልሸጣትም። እናቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው፣ ቆላው አይስማማትም። የሐኪም ቀጠሮዋም፣ ዘመድ ጥየቃዋም፣ ለቅሶዋም በኔና በዲኤክሷ ትከሻ ላይ ነው።

መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበር ዋሻው አፍ ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ። ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ሲና 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከዚያ በኋላ ያ ጥምዝምዝ ዳገት ይጀምራል። መኪናዬ የምትሞተው እዚያ ነው። ሳታስል፣ ሳትንተፋተፍ፣ ቀጥ! ከፊት ጭጋግ፣ ከኋላ የሲኖትራክ ጥሩምባ፣ በጎን ገደል። ጎማ ስር ድንጋይ ወሽቄ፣ ኮፈኑን ከፍቼ እቆማለሁ። ሞተሩ ሲበርድ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ጋራዥ ስወስዳት ደግሞ ምንም የለባትም፣ በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ሰዎቹም እኔን ነበር የሚያዩኝ።

ስለ ጋራዦቹ ትንሽ ልናገር፣ አለበለዚያ አይወጣልኝም። ስምም ከተማም አልጠራም። የመጀመሪያው «ቦቢና ነው» አለ፣ ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው እቃ ማለት ነው፤ ቀየርን። ደህና ሰነበተችና ሞተች። ሁለተኛው «ማነው ይሄን የቻይና ቦቢና የገጠመልህ?» ብሎ ስቆብኝ ሌላ ሸጠልኝ። ኦሪጅናል ነው አለኝ። ኦሪጅናሉ ከቻይናው ቀድሞ ተቃጠለ። ከዚያ ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ እንደገና ቦቢና። አንዱ ጋ ጠዋት አስገብቻት ማታ ስሄድ ኮፈኑ እንኳ አልተከፈተም፤ ሂሳቡ ግን ተጽፎ ጠበቀኝ። አንዱ «የሚቀዱልህ ቤንዚን ውሃ አለበት» ብሎ ካርቡራተሩን ፈታታው። ከዚያ ወዲህ የምትጠጣው ቤንዚን ጨመረ እንጂ መሞቷን አልተወችም። ሌላው ደግሞ ጭራሽ «ቲቸር፣ ይቺን ለቁርጥራጭ ብትሸጣት ይሻልሃል» አለኝ። ገዢውም ራሱ ሆኖ ዋጋ ጠራ!

ገንዘቡስ ይቅር። የሚያንገበግበኝ፣ ይሄ እቃ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚቃጠል የጠየቀ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። እኔ ስጠይቅ «አንተ አስተምር፣ ይሄን ለኛ ተወው» ተብያለሁ።

ፋሲካን እናቴ እኛ ጋ አክብራ ልመልሳት ስወጣ ነው፣ ከደብረ ሲና ትንሽ እንዳለፍኩ እንደለመደችው ቀጥ አለች። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ መጸለይ ጀመረች። መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ ሴት መጥታ «ወንድሜ፣ እዚህ ታች የመኪና መብራት የሚሰራ ልጅ አለ፣ ላስጠራልህ» አለችኝ። እግዜር ይስጣት፣ ልጇን ላከችልኝ።

መብራት ሠሪው ልጅ በእግሩ መጣ። በእጁ አንድ ፌስታል፣ በውስጡ ቴስተር፣ ፒንሳና ናስትሮ። መጀመሪያ ያየው መኪናዋን አይደለም፣ እናቴን ነው። «እማማ፣ እዚህ ብርድ ነው፣ ይውረዱና ቤት አረፍ ይበሉ» ብሎ ደግፎ አወረዳት። ቆሎ ሻጯ ቤት ቡና ላይ አስቀመጣትና ተመለሰ። ስንት ትልልቅ ጋራዥ ስገባ እናቴን ወንበር ላይ ተቀመጪ ያላት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቦቢናውን በጣቱ ነካ አደረገና እጁን ቶሎ ሰበሰበ። ምጣድ ሆኗል። «ጋሼ፣ ይሄ ስንተኛው ነው?» አለኝ። እኔም ከኋላ ሻንጣ የተቃጠሉትን ሁሉ አውጥቼ ሰጠሁት፤ አንዱንም አልጣልኩም ነበር፣ አንድ ቀን ለክስ ይጠቅመኛል ብዬ። አልሳቀም። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ደርድሮ፣ ግራሱን በእጅጌው እየጠረገ፣ ላያቸው ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። አስቡት፣ ማንበብ! አብዛኞቹ ላይ ከቦቢናው ውጭ ከሚቀመጥ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚቀንስ እቃ) ጋር ይገጠም የሚል በእንግሊዝኛ ታትሞባቸዋል። ያ ሁሉ ባለሙያ ሲገጥመው አላነበበውም።

ከዚያ ገመዱን ተከትሎ ሄደ። በናስትሮ የተጠቀለለ አሮጌ ቅጥልጥል አገኘ፣ ፈታው። ሬዚስተሯ የለችም። መቼ እንደሆነ እንጃ፣ አንዱ ነቅሎ ገመዱን በቀጥታ አገናኝቶታል። እኔ ከማብራሪያው የገባኝ ይህን ያህል ነው፦ ሞተር ከተነሳ በኋላ ይሄ ዓይነቱ ቦቢና ሙሉውን ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ሬዚስተሯ ትቀንስለታለች። እሷ ከሌለች ዲናሞው የሚያመነጨው 14 ቮልት ገደማ እንዳለ ይገባበታል፣ ከውስጥ ይግላል፣ ፑንቲናውንም አብሮ ያቃጥላል። ዳገት ላይ ደግሞ የሞተሩ ሙቀት ሲጨመርበት ያቆማል። ሲበርድ ይሰራል። ቀሪውን ሲያስረዳኝ ራሴን ነቀነቅኩ እንጂ አልተከተልኩትም።

አዲስ ቦቢና አልሸጠልኝም። ከደረደራቸው ውስጥ በቴስተር ለክቶ «ይቺ ገና ናት» ያላትን የራሴን ገጠመልኝ። ደህናውን እቃ ሞቷል ብለው አውጥተው ሌላ ሸጠውልኛል ማለት ነው። ሬዚስተሯን ደግሞ ግቢው ከቆመች የሞተች ዲኤክስ ነቅሎ አመጣ። ጣት የምታህል ነጭ ሸክላ ነገር ናት። ይቺ ናት እንግዲህ ያን ሁሉ ደመወዜን የበላችው።

እዚህ ላይ ሌላው ቢሆን «ሰርቷል፣ ሂድ» ይል ነበር። እሱ ግን «ችግሩ ዳገት ላይ ነው ብለውኛል፣ እንግዲህ ዳገት ላይ እንየው» ብሎ ጋቢና ገባ። የቴስተሩን ገመድ በኮፈኑ ክፍተት አሳልፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «ሁለተኛ ማርሽ ይያዙ፣ አይፍሩ፣ ይርገጡት» ይለኛል። ዓይኑ ከቁጥሩ አልተነሳም። የለመደችበት ኩርባ ላይ ስንደርስ ልቤ ቆመ፣ መኪናዋ ግን አልቆመችም። ዋሻው አፍ ደረስን። ጭጋጉ ውስጥ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና መዳፉን ቦቢናው ላይ ጫነ፣ እዚያው አቆየው። «ይንኩት» አለኝ። ነካሁት። ሞቅ ብሏል፣ አያቃጥልም። ስቄ ይሁን ተሳቅቄ አላውቅም፣ ብቻ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ተመልሰን ወርደን እናቴን ይዘን ያንኑ ዳገት ደግመን ስንወጣው ዝንፍ አላለችም።

ሂሳቡን ብነግራችሁ አታምኑም። ለካርቡራተሩ መፍታት ከከፈልኩት ሩቡን አይሞላም። ልጨምርለት ብል እምቢ አለ፤ «ለእማማ ቆሎ ይግዙላቸው» አለኝ። እናቴ እስካሁን በጸሎቷ ታነሳዋለች፣ እኔን ከማንሳቷ በፊት።

ይኸው ክረምቱን ሙሉ፣ ያን ዝናብና ጭጋግ፣ ተመላለስኩባት። ቦቢናው ያው ነው። ፑንቲናው ያው ነው። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ።

ሂዱ፣ እውነት እላችኋለሁ ሂዱ። መንገዱ ላይ ለሚቆምባችሁ ብቻ አይደለም፣ እቃ ቀይር እየተባላችሁ ለተማረራችሁ ሁሉ። ስሙን እንዳልጽፍ ብሎኛል፣ ስልኩን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ደብረ ሲና ስትደርሱ ቆሎ የሚሸጡትን «የመኪና መብራት የሚሰራው ልጅ» በሏቸው፣ ያሳዩአችኋል። እሁድና በዓል አይሰራም። የተቃጠለውን እቃችሁን አትጣሉ፣ ይዛችሁለት ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።