የመሳቢያ እጀታና የቼዝ ጠጠር፦ በማሽን ይውጣ ወይስ በእጅ?

ውሳኔዬን ከፊት ላስቀድም። ለመሳቢያ እጀታ ማሽን ይሻላል። ለቼዝ ደግሞ በእጅ የተሠራው። ሁለቱንም በሁለቱም መንገድ የሠሩ ሰዎች ጋ አሠርቼ ስጠቀምባቸው ቆይቻለሁ፣ እና "የእጅ ሥራ ሁሌም ይበልጣል" የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። "ማሽን ካለ የእጅ ምን ያደርጋል" የሚለውም እንደዚያው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። በእጅ ሲባልም ቶርኖው፣ ማለትም እንጨቱን ይዞ የሚያዞረው መሣሪያ፣ የሚዞረው በሞተር ነው። ልዩነቱ ስለቱን ማን ይይዘዋል የሚለው ላይ ነው። በእጅ ከሆነ ባለሙያው መሮውን ማስደገፊያው ላይ አሳርፎ፣ እንጨቱ ሲዞር እያየ፣ ድምፁንም እያዳመጠ ይቆርጣል። በማሽን ከሆነ ደግሞ ወይ የዕቃው ቅርጽ የወጣለት ምላጭ ገብቶ በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል፣ ወይ ማሽኑ ሞዴል እየተከተለ ይገለብጣል፣ ወይ ሲኤንሲ የሚባለው በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ኮምፒውተር ላይ የተሳለውን ይዞ ይሄዳል።

እጀታዎቹ ላይ ማሽኑ ያለ ክርክር አሸንፏል። መሳቢያዎች በሰልፍ ናቸው። አንዱ እጀታ ትንሽ ወፈር ካለ፣ ሌላው አንገቱ ትንሽ ከረዘመ፣ ዓይን ወዲያው እዚያ ላይ ያርፋል። በማሽን የወጡት ግን የትኛውን የትኛው መሳቢያ ላይ ብታስሩት ለውጥ የለውም። አንዱ ቢሰበር እንኳን ያው ምላጭ ወይም ያው ሥዕል እስካለ ድረስ ምትኩ ልክ እንደ ወንድሞቹ ሆኖ ይመጣል።

የማልወድለት ነገር ግን አለ። ሥዕሉ ላይ አንገቱ ሥር ቀጭን፣ ስል የሆነ ቦይ ነበር። ዕቃው ሲመጣ ቦዩ አለ፣ ጠርዙ ግን ደብዝዟል። ይሄ የመጣው ከማለስለሱ ነው። ብዙ ዕቃ በአንድ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ መጀመሪያ የሚጠፋው ጠርዙ ነው። ሲኤንሲም ከሆነ የሚዞረው መቁረጫ የራሱ ውፍረት ስላለው ጠባብ ማዕዘን ውስጥ እስከ ጥጉ መግባት አይችልም፣ ጥጉን አክብቦት ይወጣል። ስለዚህ ለማሽን የምታሠሩት ነገር ቅርጹ ለስለስ ያለ፣ ሰፋፊ ጎድጎዳ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ደቃቅ መስመር ከደረደራችሁበት ግማሹ አይደርሳችሁም።

ሌላው የእጀታው ግንባር ነው። እዚያ የሚታየው የእንጨቱ ክር ጫፍ ነው፣ ቫርኒሹን ጠጥቶ ከጎኑ ይልቅ ጠቆር ይላል። ይሄ የማሽን ጥፋት አይደለም፣ በእጅም ቢሠራ ያው ነው። መጀመሪያ የቀጠነ ቫርኒሽ አስጠጥቶ፣ ሲደርቅ ደቀቅ ባለ ብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መድገም ልዩነቱን ያቀልለዋል።

ወደ ቼዙ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በእጅ የተሠራውን ንጉሥ አንሱና አንገቱ ላይ ያለውን ቀለበት በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፣ ጥፍር ይይዛል። ከቀለበቱ በታች ያለው ቁልቁለት ደግሞ ሳይታሽ ያብረቀርቃል፣ ምክንያቱም በደንብ የተሳለ ሰያፍ መሮ የእንጨቱን ክር ይቆርጠዋል እንጂ አይነቅለውም። ከመሮው የሚወርደውን ማየት ብቻ ብዙ ይነግራችኋል። ረጅም፣ የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ከሆነ ስለቱ ደህና ነው። ሰጋቱራ ብቻ ከሆነ ሰውየው እየፋቀ ነው፣ እየቆረጠ አይደለም፣ ጣጣውን በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ሊሸፍነው ነው ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ካጋጠማችሁ ማሽኑ መቶ ጊዜ ይሻላችኋል።

አሥራ ስድስቱ ወታደሮች በእጅ ሲሠሩ ፍጹም አንድ አይሆኑም። የአንዱ አንገት ትንሽ ቀጠን፣ የሌላው ራስ ትንሽ ከፍ ይላል። እኔን አልረበሸኝም። ሜዳው ላይ ተበታትነው ነው የሚቆሙት፣ ዓይን አያነጻጽራቸውም። አንድ መሆን ያለበት ከሥር ያለው የመቀመጫቸው ስፋትና ቁመታቸው ነው፣ ያንን ደግሞ ጎበዝ ባለሙያ ልኩ ምልክት የተደረገበት ጣውላ አጠገቡ አስቀምጦ ይጠብቀዋል። ፈረሱ ለብቻው ነው። ተራ ቶርኖ የሚያወጣው ክብ ነገር ስለሆነ፣ ፈረሱ መቀመጫው በቶርኖ ወጥቶ ራሱ ይቀረጻል። ክብ ያልሆነ ቅርጽ ከሞዴል እየገለበጠ የሚያወጣ ማሽንም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካዊው ቶማስ ብላንቻርድ እ.ኤ.አ. በ1819 የፈጠራ መብት ያወጣበት ማሽን የጠመንጃ ሰደፍ ለመሥራት የታሰበ ነበር። ግን ያኔም ሆነ ዛሬ እንዲህ ያለው ማሽን ዋጋ የሚያወጣው ያንኑ ነገር ደጋግማችሁ ስትፈልጉት ነው። ምላጩን ማውጣት፣ ማሽኑን ማስተካከል፣ ሥዕሉን ማዘጋጀት፣ ይሄ ሁሉ የሚሠራው የመጀመሪያው ዕቃ ከመውጣቱ በፊት ነው። ለአራት እጀታ ይሄን ማስደረግ ጉልበት ማባከን ነው። ለአራት መቶ ከሆነ ግን በእጅ ማሠራት ሰውየውንም መግደል ነው።

ክዳን ያለው ትንሽ የእንጨት ዕቃ ካሠራችሁ ጨርሶ አታመንቱ፣ በእጅ አሠሩት። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም በኩል እኩል አይኮማተርም። የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኮማተረው፣ ቀለበቶቹን አቋርጦ ከሚኮማተረው በግምት እጥፍ ነው። ክብ የነበረው ሞላላ የሚሆነው በዚህ ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ መጀመሪያ ግድግዳውን ወፍራም አድርጎ ውስጡን ይቦረቡረዋል፣ እንዲያርፍ ይተወዋል፣ ከዚያ ነው ክዳኑን ከራሱ ዕቃ ጋር እየሞከረ የሚያለካካው። በማሽን ክዳኑም ዕቃውም ለየብቻ በብዛት ይወጣል፣ እንጨቱ በደንብ ካልደረቀ ደግሞ ግማሹ ይጣበቃል፣ ግማሹ ይላላል። በየትኛውም መንገድ ብታሠሩ ስለ ድርቀቱ ጠይቁ፣ እርጥብ እንጨትን የሚያድን ማሽንም እጅም የለም።

ከማዘዛችሁ በፊት ቫርኒሽ ያልተቀባ ናሙና ጠይቁ። ከጎን በሚመጣ ብርሃን አዟዙራችሁ እዩት። ዙሪያውን የሚዞሩ ደቃቅ ጭረቶች ካያችሁ ቶርኖው እየዞረ ብቻ ነው የታሸው፣ ቫርኒሽ ሲቀባ ደግሞ ጎልተው ይወጣሉ። በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ ደቀቅ ወዳሉት ወደ 240 እና 320 መውጣት፣ በመጨረሻም ቶርኖውን አቁሞ በእንጨቱ ክር አቅጣጫ ማሸት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ይሄን የሚያደርግ ሰው ወይም ድርጅት ካገኛችሁ ናሙናውን እናንተ ጋ አስቀሩት፣ ቀሪው ሲመጣ ከእሱ ጋር እያስተያያችሁ ትረከባላችሁ።