ዲ ሜጀር ወይስ ኢ ፍላት?

ደብረ ብርሃን ውስጥ አምስት ነፊዎች ነን፦ ሁለት ትራምፔት፣ ሆርን፣ ትሮምቦንና ቱባ። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1791 ለመዘምራን የጻፈውን «አቬ ቬሩም ኮርፑስ» ለእኛ ስናመቻች፣ ክርክሩ በየትኛው ኪይ (ዜማው በሚያርፍበት መነሻ ድምፅና ስኬል) ይሁን የሚል ሆነ።

እንዳለ በዲ ሜጀር ከተተወ፣ ቢ ፍላት ትራምፔት ከተጻፈለት አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ፣ የሚያነበው በኢ ሜጀር ነው። አራት ሻርፕ (ኖታን በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ምልክት)! የጀማሪ ጣት እዚያ ላይ ይተበተባል። ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርገን ኢ ፍላት ስናደርገው ግን ለትራምፔቱ አንድ ፍላት (ዝቅ የሚያደርግ ምልክት) ብቻ ይቀራል። ሶፕራኖው (የላይኛው ድምፅ) በትንሹ ቢወጣም ከንፈር ይችለዋል።

ሥራው 46 ባር ብቻ ነው፤ ረጃጅም ሐረጎቹ ግን ትንፋሽ ይጨርሳሉ። በዚህ ላይ የእኛ የጠዋት ብርድ አለ፤ የቀዘቀዘ መሣሪያ ድምፁ ይወርዳል። ሳይሞቅ አይታመንም።

እኔ ኢ ፍላትን መርጫለሁ። ሲ ትራምፔት (እንደተጻፈለት የሚሰማ) ያለው ሌላ ቡድን ግን በዲ ይቆይ፤ ለእሱ ሁለት ሻርፕ ምን አላት!