ካርቶን ወይስ ስክራች?

ልጆችን እንደ ፕሮግራመር እንዲያስቡ ለማስተማር ሁለት መንገዶች ጎልተው ይነሳሉ። አንደኛው ስክራች ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ ከተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ትእዛዞችን እየገጣጠሙ የሚሠሩበት ነጻ ፕሮግራም። ሁለተኛው ኮምፒውተር የሚባል ነገር ጭራሽ አይፈልግም።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ሰው አቅልሎ የሚያየው እሱን ነውና። አምስት ካርቶን ቁረጡ። 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ነጥብ ሣሉባቸው። አምስት ልጆች ይዘው ይሰለፉ። «13 አሳዩኝ» በሏቸው። ትንሽ ይጨቃጨቁና 8፣ 4 እና 1 ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ይገለበጣሉ። አሁን «32ስ?» በሉ። አይሆንም፤ ሁሉም ተደምሮ 31 ነው። «ታዲያ ስንት ነጥብ ያለው ካርድ እንጨምር?» ሲባል ክፍሉ ይደምቃል። ልጆቹ የባይነሪን፣ ማለትም ኮምፒውተር ቁጥርን በ0 እና በ1 ብቻ የሚጽፍበትን ዘዴ፣ አሠራር ራሳቸው እየፈለፈሉት ነው።

የስክራች ጉልበት ሌላ ነው፤ ስህተትን ወዲያው ያሳያል። በስክሪኑ ላይ ልጁ የሚያዛት ድመት ካሬ ስትስል 90 ዲግሪ መታጠፍ ከቀረ፣ መምህር ሳይናገር ልጁ ያየዋል። አማርኛም አለው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ችግሩ ኮፒ ነው። ከጓደኛው ገልብጦ «ሠራሁ» የሚል ሞልቷል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «90ውን 120 ብታደርገው ምን ትስላለች?» ብላችሁ ሳያስኬደው እንዲገምት ጠይቁት። ያልገባው እዚያው ይታወቃል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ተማሪ በዝቶ ኮምፒውተር ባነሰበት ክፍል ካርቶኑ ይቅደም። አንዱ ማውስ ይዞ አራቱ ከጀርባው ከሚያዩ፣ አምስቱም ቢከራከሩ ይሻላል።