ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌቴ፣ ከ11 ወር በኋላ

ማርሹን የጣልኩት ፈልጌ አይደለም። ደቻቱ ነው ያስጣለኝ።

ድሬዳዋን ለማታውቁ፦ ደቻቱ የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሚለይ ወንዝ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ብስክሌቷን በገዛሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ፀሐዩ ሳይከር ልሞክራት ብዬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁበት። የማዳበሪያ ጆንያ ክር ከአሸዋው ተነስቶ የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ተጠመጠመ። አላየሁትም። ፔዳሉ ሲከብደኝ አሸዋው ነው ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። ቀጭ አለ። ወርጄ ሳይ መቀየሪያው ተጠማዞ የኋላ ጎማው ሽቦ ውስጥ ተሰንቅሯል። ሁለት ሽቦ ተበጥሷል። ካቴናው አሸዋ ለብሶ ተንጠልጥሏል። ትከሻዬ ላይ አድርጌያት ስወጣ የሰፈር ልጆች "አቦ፣ ዛሬ እሷ ነዳችህ!" እያሉ አጀቡኝ።

ስለ ዕቃዋ ልናገር። ያገለገለች የተራራ ብስክሌት ናት። በጅቡቲ በኩል የገባች፣ 18,000 ብር። ጎማዋ ባለ 26 ኢንች፣ ፍሬሟ ብረት ነው። ፍሬኗ ቸርኬውን ከግራና ቀኝ የሚቆነጥጥ ዓይነት ነው። ከፊት ሦስት ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ)፣ ከኋላ ስምንት፣ በጠቅላላው 24 ማርሽ ነበራት። የገዛኋት ግን ለፊት ሾኳ ስል ነው። 100 ሚሊ ሜትር የሚወርድ፣ በሞላ ሳይሆን በአየር የሚሠራ ሾክ አላት። ሻጩ ሁለቴ ደፈቀውና "ፍራሽ ነው ወላሂ" አለኝ። ፍራሽ አልነበረም። እመለስበታለሁ።

መጋላ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። የተጠማዘዘውን መቀየሪያ በሁለት ጣታቸው አንስተው አገላብጠው አዩት።

"ይሄን አስጠግነህ ምን ልታደርግበት ነው?"

"ተራራ ልወጣበት ነዋ፣ ጋሼ።"

"አቦ ተወኝ! እኛ ወርክሾፕ ስንመላለስ ሃያ አራት ማርሽ ነበረን እንዴ? አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። የሌለ ነገር አይበላሽም።"

እውነት ነው። ድሬ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ይዟት የመጣ ከተማ ናት። ከዚራ መንገዱ ቀጥ ያለ ሜዳ ነው። ባጃጅ ሳይወርሳት በፊት የሳይክል ከተማ የነበረችው በዚሁ ነው። ሰውየው ግን ያወሩት ስለ ከዚራ ነበር። ወደ ሐረር ስለሚያወጣው ስለ ደንገጎ ዳገት አልነበረም። ያኔ ልዩነቱ አልታየኝም።

ሥራው በግማሽ ቀን ያልቃል ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከፊት ካሉት ጥርሶች መካከለኛውን፣ ባለ 32ቱን (ቁጥሩ ዙሪያውን ያሉት ጥርሶች ብዛት ነው) አስቀርተን ሌሎቹን አወጣን። ቡሎኖቹ ለሦስት የተለኩ ስለሆኑ ለአንዱ ረዘሙበት። በሮንዴላ ሞላናቸው። የኋላዎቹን ጥርሶች አንድ ላይ የሚይዟቸውን ምስማሮች ጭንቅላት በሞረድ በልተን ጥቅሉን በታተንነው። ባለ 18ቱን ወሰድን። ባለ 21ዱን በፌስታል ጠቅልዬ አስቀመጥኩት፤ በኋላ አመስግኜዋለሁ። ባዶ የቀረውን ቦታ ሽማግሌው የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ቆራርጠው ሞሉት። ዋናው ነገር የፊቱና የኋላው ጥርስ በአንድ መስመር መዋላቸው ነው። ከኋላ ቁጢጥ ብላችሁ ስታዩት ካቴናው እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ማለት አለበት። ካዘመመ ይጮኻል፣ ጥርስ ይበላል፣ መጨረሻ ላይም ይወልቃል።

ካቴናው ራሱ ከተራ ሳይክል መለዋወጫ የተገዛ ወፍራሙ ነው። ለቀጭን ጥርስ ትንሽ ይሰፋል፤ ድምፅ ያወጣል እንጂ ይሠራል። ከዚህ የበለጠ ደስታ የለም። ሲበጠስ የትኛውም ሱቅ አለ።

የማይሠራው መወጠሪያው ነበር። የእኔ ፍሬም የኋላ ጎማው የሚገባበት ቀዳዳ ወደ ታች የተከፈተ ስለሆነ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ካቴና መወጠር አይቻልም። ቶርኖ ቤት ሄጄ አንድ ክንድ አሠራሁ። የድሮው መቀየሪያ የታሰረበት ቀዳዳ ላይ ይታሰራል። ጫፉ ላይ ባለ 8 በ22 በ7 ሚሊ ሜትር ኩሽኔታ አለ፤ የልጆች ስኬት ጎማ ውስጥ ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ናት። በላይዋ ፕላስቲክ አለበስናት። መጀመሪያ ካቴናውን ከላይ ወደ ታች እንድትጫን አድርገን ገጠምናት። በሁለተኛው ወር ከደቻቱ ወደ ገንደ ቆሬ በኩል ስወጣ፣ ቆሜ እየረገጥኩ ሳለ ካቴናው ዘለለ። ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተገናኘ። ጠባሳው አሁንም አለ።

ምክንያቱን ለማወቅ ሌላ ሳምንት ፈጀብኝ። ብዙ ማርሽ ካለው ጥቅል የወጣ ጥርስ አሠራሩ ካቴናን በቀላሉ እንዲለቅ ነው፤ ሥራው ማቀባበል ነበርና። መያዝ አያውቅም። ያንን ማካካስ የሚቻለው ካቴናው ብዙ ጥርስ እንዲያቅፍ በማድረግ ነው። መወጠሪያዋን ገልብጠን ካቴናውን ከታች ወደ ላይ እንድትገፋ አደረግናት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልዘለለም። ይህን የሚያነብ አንድ ሰው ጉልበቱን ካተረፈ ይበቃኛል።

አነዳዱስ? 32 ለ18 ማለት ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቷ 3 ሜትር ከ70 ገደማ ትሄዳለች። በደቂቃ 90 ጊዜ ስረግጥ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ልሂድ ካልኩ እግሬ መኪና ግርግር ይሆናል። (ሐረር የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ነው፤ ስሙ የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው።) ከሳቢያን ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው ሜዳ ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ ያልፉኛል። ለምጄዋለሁ።

አሸዋ ላይ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ማርሽ ሲኖር እጅህ ሁልጊዜ ወደ ቀላሉ ይሄዳል። ትቀንሳለህ፣ ፍጥነትህ ይሞታል፣ ጎማህ ይሰምጣል። ማርሽ ከሌለህ አንድ ምርጫ ብቻ አለህ፤ ሳትቆም መርገጥ። የጎማ ነፋስ ወደ 25 ፒ.ኤስ.አይ አውርጄ፣ ክብደቴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ መሪውን ላላ አድርጌ ስይዝ ደቻቱን ከዳር እስከ ዳር እቆርጣለሁ። ሆኖም ከላይ ደንገጎ ሲጠቁር አልገባበትም። የ1998ቱን ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው ይህን አይነገረውም። እሾህ ሌላው ጣጣ ነው። ኩርንችትና የግራር እሾህ በ11 ወር ውስጥ ከመነዳሪዬን እንደ ወንፊት አድርገውታል። ጎሚስታው በስሜ ነው የሚጠራኝ።

አሁን ወደ ሾኩ።

ስገዛት ድንጋይ ነበረች። ሻጩ ሁለቴ ሲደፍቀው በሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎበት እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የአየር ሾክ ውስጡ ያለው የአየር ቦታ በጣም ትንሽ ነው። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ከተሰካበት ዓይን ሳይጨፈን ከልክ ያልፋል። የሚያስፈልገው ለሾክ ብሎ የተሠራ፣ ቀጭን ቱቦና ጌጅ ያለው የእጅ ፖምፓ ነው። ድሬ ላይ አጣሁና በዘመድ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፖምፓውን በሰካችሁ ቁጥር ግፊቱ ትንሽ ይወርዳል፤ አየሩ ቱቦውን ስለሚሞላ ነው። እኔ ሾኩ ያፈስሳል ብዬ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ልኩ የሚታወቀው ስትቀመጡበት በሚሰምጠው መጠን ነው። የሚያብረቀርቀው እግር ላይ ላስቲክ ታስራላችሁ፤ እኔ ብር የሚታሰርበትን ቀጭን ላስቲክ ተጠቀምኩ። ውሃውንም ቦርሳውንም ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ሰው ይደግፋችኋል። ላስቲኩ እስከ ታች ይገፋል። ሳትዘሉ ቀስ ብላችሁ ትወርዳላችሁ። ከዚያ ላስቲኩ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወጣ በማስመሪያ ትለካላችሁ። ለ100 ሚሊ ሜትር ሾክ ከ20 እስከ 25 ጥሩ ነው። እኔ 68 ኪሎ ነኝ። 95 ፒ.ኤስ.አይ ላይ 12 ብቻ ሰመጠ። 80 ላይ 22 ሆነ። በቃ፣ እዚያ ተውኩት።

ተውኩት ያልኩት ድሬ እያለሁ ነው። አንድ ቅዳሜ ሐረር አክስቴ ቤት አድሬ፣ በጠዋቱ ብርድ ሾኩን 80 ሞላሁ። ከሰዓት በኋላ ድሬ ስደርስ እንደገና ደረቀብኝ። አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ከሐረር ጠዋት እስከ ድሬ ቀትር ያለው የሙቀት ልዩነት፣ በሂሳብ ሳሰላው 6 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ይጨምራል። አሁን የምሞላው ድሬ ላይ፣ ብስክሌቷ ጥላ ሥር ቆይታ ነው።

የመመለሻው ፍጥነት ደግሞ በቀኙ እግር ሥር ባለች ቀይ ቁልፍ ይስተካከላል። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ዘግቻት ነበር። ድሬ አስፋልት ላይ ይህ ምቾት ይመስላል፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ ይነሳል። ሐረር፣ በግንብ የታጠረው ጁገል ውስጥ ገባሁና ጉዱ ወጣ። ከፈረስ መጋላ ወደ ታች በሚወርደው የድንጋይ ንጣፍ ላይ የመጀመሪያዎቹን ድንጋዮች ዋጠልኝ። ቀጥሎ ያሉትን ሳይነሳ ተቀበላቸው። አሥረኛው ላይ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የበላሁት በእጄ ነው። በሯ ላይ የተቀመጠች አንዲት እናት "ኧረ ልጄ፣ ጥርስህ!" አሉኝ። ቀዩን ቁልፍ አምስት ቀጭ ወደ ፈጣኑ አዞርኩት። ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት። ጎማው ከድንጋዩ ጋር መጣበቅ ጀመረ።

ደንገጎ ላይ ግን ተሸንፌያለሁ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ደግሞ 1,900 አካባቢ። በመሀል ያለው ደንገጎ ከሁለቱም ይበልጣል። በባለ 18ቱ ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴም ግማሹን ገፍቼ ነው የወጣሁት። በባለ 21ዱ፣ በየመታጠፊያው እያረፍኩ፣ ሳልገፋት ወጣሁ። ለዚህ ግን ከመነሳቴ በፊት ጥርሱን መቀየር፣ መወጠሪያዋን ማስተካከል፣ እጅን ግራሶ ማልበስ አለ። ማርሽ ቢኖረኝ አውራ ጣቴን ነበር የማንቀሳቅሰው። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። በየሳምንቱ ሐረር የሚወጣ ሰው ማርሹን እንዳይነካ።

ቁልቁለቱ ደግሞ የፍሬን ጎማ ይጨርሳል። ግማሽ ላይ ቆሜ ቸርኬውን ብነካው ጣቴን ለበለበኝ። በ1976 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከታማልፓይስ ተራራ አጠገብ፣ የተራራ ብስክሌት ፈር ቀዳጆቹ እነ ጌሪ ፊሸርና ጆ ብሪዝ በአሮጌ ከባድ ሳይክል ቁልቁል መወዳደር ጀምረው ነበር። መንገዱን "ሪፓክ" (እንደገና ማሸግ) አሉት። ፍሬኑ የኋላ ጎማው እንብርት ውስጥ ስለነበር ከግለቱ የተነሳ ግራሶው ተኖ ያልቃል፤ ቁልቁል በወረዱ ቁጥር በአዲስ ግራሶ እንደገና ማሸግ ነበረባቸው። ይህን ሳነብ ድሮ ስቄ ነበር። አሁን በየሦስተኛው መታጠፊያ ቆሜ ውሃ እጠጣለሁ። ጫት የጫኑት መኪኖች እስኪያልፉም ያግዘኛል።

ባለፈው ሳምንት ካቴናውን ለካሁት። አዲስ ካቴና 12 ሙሉ ጥንዱ 12 ኢንች፣ ማለትም 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። የእኔ 307 ደርሷል። ከዚህ በላይ ካቆየሁት ጥርሱን ይዞ ይሞታል፤ ስለዚህ ይቀየራል። የመወጠሪያዋ ኩሽኔታ ሦስተኛዋ ናት፤ አሸዋ አትችልም፣ ርካሽ ስለሆነች አልከፋም። የሾኩ ግራ እግር ዘይት ማላብ ጀምሯል። ጎሚኒው አልቋል ማለት ነው። እግሩ 32 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ በዚያ ልክ ጎሚኒ ድሬም ሐረርም ፈልጌ አላገኘሁም። ሽማግሌው ከሞተር ሳይክል ቆርጠው ሊያስገቡልኝ ፈልገው ነበር።

"እሱን እንኳ ተወው ጋሼ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ሾኩንም ጣለዋ" አሉኝ።