ዲፒኤፍ፦ ይጽዳ ወይስ ይውጣ?

ዲፒኤፍ የናፍጣ መኪና ጭስ ማውጫ ላይ ያለ የጥላሸት ማጣሪያ ነው። የናፍጣ መኪና ያለው ሰው ማጣሪያው ሲዘጋ የምትበራዋን ያቺን ቢጫ መብራት ያውቃታል። ዛሬ ትጠፋለች፣ በሳምንቱ ተመልሳ ትበራለች። ጋራዥ ሲሄዱ ሁለት ምክር ይሰማል፦ "እናጽዳው" ወይም "ቆርጠን እናውጣውና ተገላገል።"

ማውጣቱ ያጓጓል። የጥላሸት ማጣሪያው ከነጣጣው ይሄዳል። ኮምፒውተሩም እንዳይፈልገው ፕሮግራሙ ይቀየራል። ጭሱ ግን ለእግረኛው ይተርፋል። አውሮፓ ለምትኖሩ ደግሞ ሕገወጥ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማጣሪያው የወጣለት መኪና ዓመታዊ ምርመራውን ይወድቃል።

ማጽዳቱስ? ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት ራሱ ያቃጥላል። ለዚያ ግን ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት በሚል ጉዞ ይህ አይገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ከከተማ ወጣ ብሎ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ መንዳት ነው። ወጪው ነዳጅ ብቻ! ካልሆነ ተፈትቶ ይታጠባል፤ ከሞተር ዘይት የሚቀረው አመድ እንደ ጥላሸት ተቃጥሎ አይጠፋምና።

ደጋግሞ ከተዘጋ ግን ጥፋቱ የሌላ ሊሆን ይችላል። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው)፣ የተበላሸ ኢጂአር (ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ) ወይም ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ (ለሞተሩ አየር የሚገፋው) ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋል። የግፊት ሴንሰሩም ሳይዘጋ "ተዘጋ" ብሎ ይዋሻል። እኔ ሁለቴ አሳጥቤ፣ በሦስተኛው ነው ውሸታሙ ሴንሰሩ መሆኑ የታወቀው። ያ ገንዘብ እስካሁን ያንገበግበኛል። ዛሬም ማጽዳቱን እመርጣለሁ፤ መንስኤው ሳይታወቅ ግን አምስት ሳንቲም አልከፍልም። ዘይት ስትቀይሩም አመዱ አነስተኛ የሆነውን፣ ለዲፒኤፍ የተሠራውን ጠይቁ።